ቼይንሶ የምንገዛበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ አፕሪል 12

በረዶ የገነጠለው የሜፕል ዛፍ ቅርንጫፍ ዛሬም ጓሯችን ውስጥ እንደተጋደመ ነው። የቸርች ወንድሞች መጥተን እንቁረጥላችሁ ብለው ነበር። ባለቤቴ ተስፋዬ ግን "እኔ ቁጭ ብዬ? ቅዳሜ ቼይንሶ እገዛለሁ" ብሎ መለሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሞተር መጋዙን ልንገዛ እሱ እየነዳ ሱቅ እንሄዳለን፣ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። አንዴ ይከብዳል ይላል፣ አንዴ ድምፁ ጎረቤት ይረብሻል ይላል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ዶክተሩ የነገረንን ግን ቤት ውስጥ አናነሳውም። ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ወጥተን እዚህ ቤት ስንገባ የጓሮውን አጥር ብቻውን ያቆመ ሰው ነው። ገዝቶት ቢመጣ በፍርሃት ማለቄ ነው፤ አትግዛ እንዳልለው ደግሞ አፌ እሺ አይለኝም።

ዛሬ አንዱን ከመደርደሪያው አነሳ። ሞተሩ ሳይነሳ መጋዙ እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሻጯ አይታ "ልያዝልህ?" ስትለው ፊቱ ልውጥ አለ። ቶሎ ብዬ በአማርኛ፣

"ተወው ተስፍሽ፣ ሴል እስኪሆን እንጠብቅ" አልኩት።

"ሴል" የሚል ትልቅ ቀይ የዋጋ ቅናሽ ወረቀት ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ያየሁት ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። እሱም ቀና ብሎ አነበበው። ከዚያ መጋዙን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ቦታው መለሰ።

"እውነትሽን ነው፣ እንጠብቅ" አለኝ።

ስንወጣ የመኪናውን ቁልፍ ሳልጠይቀው ሰጠኝ።