ከኋላህ ሰው የለም

ኦገስት 4፣ ሰኞ

ሙቀት። ገና ከመኝታ ሕንጻው ሳልወጣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ቁርስ ላይ ቢስኬት የምንለው የክፍል ጓደኛዬ የራሱን ጨርሶ የኔን ድንች ጥብስም በላብኝ። ከሱ ጋር አንድ ክፍል የሚኖር ሰው ምግቡን ቆልፎ ማስቀመጥ አለበት። ግን ያን ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ ፊት መስመር ላይ የሚጋፋልን እሱ ነው... ይብላ።

ከአሜሪካን ፉትቦል ልምምድ በኋላ አሰልጣኛችን ኮች ዊትከም ቢሮው ጠራኝ። "በሩን ዝጋው" አለኝ። በሩን ዝጋው ብሎ ደግ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

"ዴሞንድ ልጄ፣ ዘንድሮ ሴፍቲ ትጫወታለህ።"

"ኮርነር ላይስ ማን ሊቆም ነው?"

"ጃካሪ።"

ጃካሪ! ትናንት ከሁለተኛ ደረጃ የመጣ! የመማሪያ ክፍሉን እንኳ ሰው እየጠየቀ የሚያገኝ ልጅ!

"እሱ ካንተ ይፈጥናል። አንተ ደግሞ ታያለህ። ከኋላ ሆኖ የሚያይልኝ ሰው ነው ያጣሁት" አለኝ። ታያለህ... ሰውን ከቦታው ሲያነሱት መቼም አመስግነው ነው።

"እሺ ኮች" ብዬ ወጣሁ። እሺ! ሌላ ቃል አጥቼ ነው?

ኦገስት 5

ዛሬም እንደተናደድኩ ነው። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ኮርነር ማለት አንድ ሰው ተሰጥቶህ ሜዳው ዳር ላይ ከሱ ጋር መፋጠጥ ነው። የተጋጣሚ ቡድን ኳስ ተቀባይ ነው። ሲሮጥ ትሮጣለህ። ኳሱን አታይም፣ ወገቡን ነው የምታየው። ሰው በዓይኑ ይዋሻል፣ በወገቡ አይዋሽም። ማንንም አታናግር፣ ማንም አያናግርህ። ካሸነፍክ አንተ፣ ከተሸነፍክም አንተ። ለዚህ ነው የተፈጠርኩት።

ሴፍቲስ? ከሁሉም ኋላ እንደ ዘበኛ መቆም። ሜዳውን በሙሉ ማየት። ከዚያ መጮህ... አንተ ወደዚህ፣ አንተ ወደዚያ፣ ተጠንቀቅ፣ መጣልህ! የገበያ ደላላ ነው እንጂ ተጫዋች ነው?

የመጨረሻ ዓመቴ ነው። የትልልቆቹ ቡድኖች መልማዮች ስሜን ሲጽፉ ኮርነር ብለው ነው የጻፉት። አሁን ሰርዘው ምን ብለው ይጻፉኝ?

ኦገስት 9

እማዬ ደወለች። ነገርኳት። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር... ሳቀች።

"አንተን ነው ጩህ ያሉህ? አንተን? እራት ደረሰ ወይ ብለህ ለመጠየቅ የምትለግመውን?"

"አያስቅም እማዬ።"

"እኔ ያን የትምህርት ቤት አውቶቡስ አፌን ዘግቼ ብነዳው ስንቱ ልጅ በመስኮት ይወድቅ ነበር። ከፊት የተቀመጠ ከኋላው ያለውን አያይም። የሚያየው ይናገራል። አለቀ።"

"አንቺ በመስታወት ነው የምታዪው።"

"ለአንተም እግዜር አፍ ሰጥቶሃል" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከሷ ጋር ተከራክሮ የረታ እስካሁን አልተወለደም።

ኦገስት 14

"ዴሞንድ! አልሰማሁህም!" ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ኮች ሜዳው ዳር ቆሞ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ... "አልሰማሁህም!" ሌሎቹ ይሳሳቃሉ። ቢስኬት ደግሞ መልበሻ ቤት ውስጥ ሁሉ "አልሰማሁህም!" እያለ ሲያበሽቀኝ ዋለ። ፎጣ ወረወርኩበት።

ሕዝቡ ሲጮህ ድምፅ ስለማይሰማ የእጅ ምልክት አለን። ዋናው፣ ሄልሜትን በመዳፍ መምታት ነው። "ከኋላህ ሰው የለም፣ ብቻህን ነህ" ማለት ነው። ተጋጣሚዎቻችን አሰላለፋቸውን ሲቀይሩ እኔ ወደ ሌላው ወገን መሄድ አለብኝ። ያኔ ኮርነሩ ከኋላዬ ሰው አለ ብሎ ወደ ፊት እንዳይጠጋ፣ እኔ ሄልሜቴን መትቼ አስጠነቅቀዋለሁ።

ለጃካሪ። በኔ ቦታ ለቆመው ልጅ። ብቻህን ነህ የምለው እኔ! እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ማን አለኝ?

ኦገስት 23

ጃካሪ ምሳ ላይ ሰሃኑን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌላ ወንበር ጠፍቶ?

"ሽማግሌው፣ ተቀባዩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ እግርህን እንዴት ነው የምታዞረው? ያምናውን ቪዲዮህን አይቼ ነው።"

"ስትወድቅ ትማራለህ" አልኩትና ተነሳሁ። ዓሣዬን ሳልጨርስ። አሁን ርቦኛል። በሱም ተናደድኩ።

ሴፕቴምበር 6

የመጀመሪያው ጨዋታ። አሸነፍን። ኳስ ከነካሁ እጄ ይቆረጥ። ከኋላ ቆሜ የሰው ጀርባ ሳይ ዋልኩ። ጃካሪ ኳስ ነጠቀ፣ ስታዲየሙ በስሙ ተናወጠ። በፊት በኔ ስም ነበር።

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ

ተሸነፍን። በአርካንሶዎቹ፣ በገዛ ሜዳችን።

እየመራን ነበር። ሊያልቅ ሲል አንዱን ተቀባያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዞሩት። አየሁት። ኮች እንዳለው... አየሁ። ወደ ቀኝ መሄድ ነበረብኝ፣ ሄድኩ። ትክክል ነበርኩ። ጃካሪ በግራ ብቻውን ቀረ። እያየሁት። ከኋላው ያለሁ መስሎት ወደ ፊት ተጠጋ። በግራ የቀረው ሌላው ተቀባይ እንደ ንፋስ አለፈው፤ ኳሱ ሲደርሰው አጠገቡ ዝንብ እንኳ አልነበረም። ነጥብ። አለቀ።

ሄልሜቴን አልመታሁም። አፌን አልከፈትኩም።

ረሳሁ? ወይስ አልፈለግኩም? የኮርነር ልማድ ነው፣ ዝም ማለት ለምዶብኝ ነው... እያልኩ ነው። ግን ወደ ቀኝ መሄዱን ያስታወሰ ጭንቅላት እጅ ማንሳቱን እንዴት ረሳ?

ሕዝቡ የጮኸው ጃካሪ ላይ ነው። እናቱ ተመልካች መሃል ነበረች። አንዱ ሰካራም ከሷ ወንበር ኋላ ቆሞ "ወደ ቤትህ ሂድ!" ይለዋል። እሷ አልዞረችም።

ሴፕቴምበር 29፣ ሰኞ

እንደ ሁልጊዜው የሰኞ ቪዲዮ። ተከላካዩ በሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኮልኩሎ ጥፋቱን ያያል። ኮች ቀዩን የሌዘር መብራት ስክሪኑ ላይ በሚታየው ጃካሪ ላይ ተከለው። ቪዲዮውን መለሰው፣ አስኬደው፣ መለሰው፣ አስኬደው።

"ምልክት አልተሰጠህም?"



"ሳላየው ቀርቼ ይሆናል ኮች" አለ ጃካሪ።

ሳላየው ቀርቼ! ዴሞንድማ ሳይሰጠኝ አይቀርም ማለቱ ነው። አምኖኝ ነው። ምን አድርጌለት ነው የሚያምነኝ?

ኮች እኔን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "በቃ። ከነገ ጀምሮ ዴሞንድ ወደ ኮርነር ይመለሳል። ጃካሪ ትቀመጣለህ" አለ።

ከኦገስት ጀምሮ የምፈልገው ይህ አልነበረም? ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው። ይነቅዛል።

ሴፕቴምበር 30

ኮርነር ላይ ተለማመድኩ። እግሬ አልከበደኝም፣ የተቀባዩንም ወገብ አየሁ። ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ቢስኬት "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ማን ላይ እንደሆነ የማላውቀው ንዴት ነው ያለብኝ።

ማን ላይ እንደሆነማ አውቃለሁ።

ኦክቶበር 1

ከምሳ በኋላ የረሳሁትን ጃኬት ልወስድ ቪዲዮ ክፍል ገባሁ። ጃካሪ ብቻውን ተቀምጧል። ያንኑ ቪዲዮ እያየ። እየመለሰ... እያስኬደ...

"ጥሩ መጣህ ሽማግሌው። ና እስቲ አሳየኝ" አለኝ። "ምልክቱን የቱ ጋ ነው የሰጠኸኝ? በዚህ ሰዓት ዓይኔ የት መሆን እንዳለበት ልወቅ ብዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ብፈልገው አጣሁት።"

ስክሪኑ ላይ እኔ አለሁ። ከላይ በኩል፣ በትንሹ። ወደ ቀኝ ስሄድ። እጄ ከጎኔ ተንጠልጥላለች። ማንም ሌላ ሰው አላያትም። ሁሉም የሚያየው ጃካሪን ነው።

ያልነበረ ነገር ሲፈልግ ውሏል። ከጠዋት ጀምሮ!

"የለም" አልኩት።

"ምኑ?"

"አልሰጠሁህም። አትፈልገው።"

ቪዲዮውን አቆመው። መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ቀጥሎ ፊቱ ተለዋወጠ።

"እናቴ እዚያ ነበረች" አለኝ። "ሦስት ሰዓት ነድታ ነው የመጣችው። ስትመለስ መንገዱን ሙሉ በስልክ ምን ስትለኝ እንደነበር ታውቃለህ? 'አይዞህ፣ ሁሉም ሰው ይሳሳታል' ነው ያለችኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት እኮ!"

"ረስቼ..." ልለው ነበር። አላልኩትም። "ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም" አልኩት።

"ልመታህ እችል ነበር" አለኝ።

"ምታኝ።"

"ሂድ ወዲያ። አንተን መትቼ ጨዋታ ልታገድ?" ሪሞቱን ወንበሩ ላይ ወርውሮ ወጣ። በሩ አልዘጋ ብሎት ደጋግሞ መታው። ለኔ የሚገባውን ዱላ ነው በሩ የቀመሰው።

ጃኬቴን እዚያው ረሳሁት።

ኦክቶበር 2

ኮች ጋ ሄድኩ። በሩን ራሴ ዘጋሁት።

"ቅዳሜ ምልክቱን ለጃካሪ አልሰጠሁትም።"

ቡናውን አስቀመጠ። "ረሳህ?"

"አይቼዋለሁ። አይቼ ነው ዝም ያልኩት።"

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንኳንም አልጮኸ እንዳልል፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ወደ ሴፍቲ የወሰድኩህ ታያለህ ብዬ ነበር" አለኝ። "ማየትማ አየህ። ለካ እያየህ የምትተው ሰው ነህ።"

ቅዳሜ ተቀማጭ ነኝ። ከዚያ በኋላ የት እንደምቆም እያሰበበት ነው። ጃካሪ ወደ ኮርነሩ ተመልሷል። መልማዮቹ ቅዳሜ ይመጣሉ ተብሏል። ይምጡ። ወንበር ላይ ያዩኛል።

ኦክቶበር 4

ተቀምጬ አየሁ። በኔ ቦታ ሴፍቲ የገባው ልጅ ሁለቴ ዘገየ፣ ምልክቱ ሳይደርስ ኳሱ ተወረወረ። ከወንበሬ ተነስቼ "ጃካሪ! ከኋላህ ሰው የለም!" ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። ያን ያህል ርቀት ማን ይሰማል? የውሃ አዳዩ ግን ደንግጦ ጠርሙስ ጣለ።

ቢስኬት በኋላ "አንተ መናገር ትችል ኖሯል እንዴ!" አለኝ። አልሳቅኩለትም።

ኦክቶበር 8

ሴፍቲ። ኮች ራሱ አልነገረኝም፣ ሰሌዳው ላይ አየሁት። በሌላ ሰው ረድፍ ይሆን ብዬ ደግሜ አየሁ። የኔ ነው። ተናደድኩ? አዎ፣ ትንሽ። ኮርነርን እንደምወድ ማንም አያስረሳኝም።

ጃካሪ መልበሻ ቤት ሁሉም ባለበት መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ።

"አንድ ጊዜ ብቻ ልንገርህ። ዝም ካልክ፣ አውቀህም ሆነ ረስተህ፣ ለኔ አንድ ነው። ሄልሜትህን አውልቄ በሱው ነው የምመታህ።"

"እሺ" አልኩት።

"አልሰማሁህም" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ይህ ልጅ ያናድደኛል።

"እሺ!" ብዬ ጮህኩ።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ከሰው ሜዳ ተመለስን። ተሸነፍን። የኛ መቺ የመጨረሻዋን ምት ሳተ። አውቶቡስ ውስጥ ማንም አላናገረውም፤ ቢስኬት ብቻ ሄዶ አጠገቡ ተጋደመበት።

ግን በኋላ በኩል ማንም አላለፈንም። አንድም ሰው። ያ ስታዲየም ጆሮ የሚያደነቁር ነው፣ ሕዝቡ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ሄልሜቴን ስመታ ዋልኩ፣ መዳፌ አብጧል። ምልክቱን ሰጥቼም ደግሞ እጮሃለሁ፣ ምናልባት ዞር ካላለ ብዬ። በስተመጨረሻ ጃካሪ ዞሮ "ሰማሁ ሽማግሌው! ሰማሁ! የሞተችው አያቴ ሳትቀር ሰምታሃለች!" አለኝ። ቀጥሎ ተቀባዩን ተከትሎ ሮጠ። ብቻውን። ኳሷን በጣቱ ጫፍ ገጭቶ ጣላት። ወደኔ ዞሮ ሄልሜቱን አንዴ መታ። አልሳቀም። ገና ይቅር አላለኝም፣ አውቃለሁ።

መልማይ መጥቶ ነበር አሉ። የት ነበር የተቀመጠው? አላየሁትም።

አሁን እማዬ ደወለች።

"ማን ነው? ዴሞንድ? ድምፅህን ምን ነካው? ታመምክ?"

"ስጮህ ዋልኩ" ብዬ አንሾካሾክሁ።

"ማን ላይ?"

"ጃካሪ ላይ።"

"ምን አደረገህ?"

"ምንም አላደረገኝም።"

እንደዚያ ጊዜ አልሳቀችብኝም። "ሙቅ ውሃ በማር ጠጣበት። ለሚቀጥለው ቅዳሜም ትፈልገዋለህ" አለችኝ።

ማሩን ብፈልገው ጠርሙሱ ባዶ ነው። ቢስኬት። ሌላ ማን ይሆናል? አልጋው ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋል። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ... ምንም አልወጣም።