የሺሺንዳው ጉሎ

ቦንጋ፣ ሐምሌ 1992

አብርሆት እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔን ዝናቡና ጭቃው አድክሞኛል። ዛሬ ሺሺንዳ ላይ ከቤት ጣሪያ የሚበልጥ ጉሎ አገኘሁ፤ እናንተ ጓሮ ያለው ትከሻችን ላይ ሳይደርስ በጋ ይፈጀዋል። ግንዱ ቀላ ያለ፣ ውስጡ ክፍት፤ ቅጠሉ እንደ ጣት ስምንት ቦታ የተከፈለ። እሾሃማውን ፍሬ ፈልፍዬ መዥገር የመሰለውን ዘር ለናሙና ስይዝ፣ የጓሮው ባለቤት እትዬ ተሾመች ሮጠው መጡ።

«ጣይው! ልጄ በልታው ከሞት ነው የተረፈችው።»

«የዕፅዋት መምህር ነኝ» ብላቸው፣ «መምህር አይሞትም?» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልቆረጡትም?»

«ዛፉ ምን አጠፋ? ያልነገርኳት እኔ ነኝ።»

ውሃ አምጥተው እጄን ራሳቸው አጠቡልኝ። ከቤት ከወጣሁ ሰው እጄን ሲይዘኝ የመጀመሪያው ነው፤ ሁለቱንም ሰጠኋቸው።

እማማን ሳሚልኝ፣ ማሙሽንም። ፖስትካርዱ ሞላ።

በእምነት