ነቀዙን ማን አስገባው

ጥር 9

የግራሩን ፍሬ ፈልፍለን ጨረስን። የሐሙሲት ገበሬዎች ከዛፍ ስር ለቅመው በጆንያ የላኩት ነው። ሴቶቹ ወገባቸውን እያሹ እየተሳሳቁ ሄዱ። ዘሩን በአመድ ለውሼ በርሜል ውስጥ ከተትሁና አፉን በእበት መረግሁት። ነቀዝ እንዳይገባ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽምብራ የሚያስቀምጠው እንዲህ ነበር። ጋሽ አስናቀ ቆሞ ሲያየኝ፣ "ዘይነት፣ ችግኝ ጣቢያውን የእህል በረንዳ አደረግሽው" ብሎ ሳቀብኝ። ኃላፊዬ ነው፤ ግን ኃላፊ አይመስልም። የመጋዘኑን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አሰርሁ።

ማታ ከወዲያ ሰፈር ተኩስ ነበር። እማ መብራቱን አጥፊ አለችኝ። አጠፋሁ።

የካቲት 4

በርሜሉን ከፈትነው። አመዱ ይንቀሳቀሳል... መጀመሪያ ዓይኔ መሰለኝ። ትናንሽ ግራጫ ጢንዚዛዎች። ፍሬው ሁሉ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ውስጡ ዱቄት።

"እንዴት ገባ? መርጌው ነበር እኮ።"

ጋሽ አስናቀ አንዷን ፍሬ በቢላ ሰነጠቃት። ነጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። "አልገባም። ድሮም ውስጥ ነበር" አለ። ፍሬው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ሳለ ጢንዚዛዋ እንቁላሏን ትለጥፍበታለች፤ ትሉ በስቶ ይገባና ቡቃያ የሚሆነውን ይበላል። መሬት ወድቆ የሰነበተማ ይብስበታል። "ሌባውን ከነንብረቱ ቆለፍንበት በይው።"

አልተቆጣኝም። ታዲያ ለምን እፈራለሁ? ግራርስ ይህን ሁሉ ችሎ እንዴት ዘሩ ሳይጠፋ ቆየ?

የካቲት 5

ውሃ ውስጥ ጨመርነው። የተበላው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይሰምጣል። የሰመጠው አንድ ጭብጥ አይሞላም። ጋሽ አስናቀ ለደን ልማት ዘመቻው ካድሬ፣ ለጓድ ዳኘው፣ ሊነግር ሄደ። ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

"እንደተዘራ ለበላይ ተነግሯል፤ ዝሩት ነው የሚለው።"

ቅርፊቱን ዘራን። ባዶ ቅርፊት... አፈር አለበስነው፣ ውሃ አጠጣነው።

የካቲት 22

የዘራንበት መደብ ራሰ በራ ነው። እዚህ አንዲት፣ እዚያ አንዲት። ጓድ ዳኘው መጣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"የት አለ ችግኙ?"

"ነቀዝ በልቶታል ጓድ" አለ ጋሽ አስናቀ። "ያኔም ነግሬህ ነበር።"

"ነቀዙን ማን አስገባው?"

"ማንም። ከዛፉ ጋር ነው የመጣው።"

"መጋዘኑ አይቆለፍም? ነቀዝ ቁልፍ ይከፍታል? ቁልፉ ማን እጅ ነው?"

ቁልፉ ከቀሚሴ ስር፣ ደረቴ ላይ ነበር። ይቀዘቅዘኛል። ክሩ እንዳይታይ ሻሼን ወደ አንገቴ ሳብሁ።

"እኔ እጅ ነው" አለ ጋሽ አስናቀ።

የካቲት 23

ወሰዱት። ለጥያቄ ነው አሉ። የኢኮኖሚ አሻጥር።

የካቲት 25

ሚስቱን፣ እትዬ እሌኒን፣ መንገድ ላይ አገኘኋት። ስንቅ አድርሳ መመለሷ ነው። "እስካሁን ይቀበሉኛል" አለች። "ምን አድርጎ ነው? አንቺ አብረሽው አይደል የምትውይ?"

ምን ልበላት? ነቀዝ ነው አልኋት። ያበድሁ መስሏት አየችኝ።

መኪና በራችን ላይ በቆመ ቁጥር መብራት አጠፋለሁ። እህል አልወርድ አለኝ። በእኔ ፋንታ ነው የታሰረው። ሄጄ ልናገር? ያ ረብ፣ እፈራለሁ።

የካቲት 26፣ እሑድ

ዘንዘልማ፣ አክስቴ ሰዓዲያ ቤት። እንባዬን እንዳታይብኝ ወደ ጓሮ ዞርሁ። ከፍየሎቹ ጋጣ ስር፣ የውዱእ ውሃ በሚደፋበት፣ የግራር ቡቃያ... አንድ ሁለት አይደለም፣ እንደ ጎመን ፈልቷል። የፍየሎቹን በጠጥ በትኜ አየሁ። ፍሬው ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቀዳዳ የለው። ፍየሏ ትኩሱን ከዛፍ ስትበላ ትሉ ሳያድግ ሆዷ ውስጥ ይሞታል መሰለኝ።

"ምነው ልጄ፣ በጠጥ ትለቅሚ ጀመር?"

"ለሥራ ነው አክስቴ።"

"የመንግሥት ሥራ እንዲህ ሆነ? ፍየሎቹን እንኳ የደን ጠላት ናቸው፣ ሽጫቸው ብለውኛል።"

አንድ ዘንቢል ሞልታ ሰጠችኝ።

የካቲት 28

ውሃ ውስጥ ሰመጠ። ሁሉም። እዚያው መደብ ላይ ዘራሁት፤ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ያው አፈር፣ ያው ውሃ... ከበቀለ ጥፋቱ የዘሩ ነው፣ የሰው አይደለም። ይፈቱታል። ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።

መጋቢት 10

በቀለ። መደቡ አረንጓዴ ሆኗል። እትዬ እሌኒ ቤት ሮጥሁ። ግንባሬን ሳመችኝ።

"እንግዲህ ይፈቱታላ?"

"ይፈቱታል።"

ዛሬ በላሁ። እማ ገርሟት ጨመረችልኝ።

መጋቢት 12

ለጓድ ዳኘው የምለውን መንገድ ላይ ስለማመደው ሄድሁ። ዘሩ ከፍየል ጋጣ ነው ጓድ፤ ያኛው ግን ዛፉ ላይ ሳለ የተበላ... ቀደመኝ። ሠራተኛውን ሁሉ መደቡ ፊት አቁሞ ጠበቀኝ።

"አያችሁ ጓዶች፣ አፈሩ ያው፣ ውሃው ያው ነው። አሻጥረኛው ሲነሳ በቀለ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል? ዛሬውኑ ለመርማሪዎቹ ይነገራል።"

ዘሩ ሌላ ነው ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል። ግን ከዚያስ? የፊተኛውን በርሜል ማን መረገው፣ ቁልፉስ የማን ነበር ቢል? አጠገቤ ያሉት ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ።

"ከዛሬ ጀምሮ የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ዘይነት ናት" አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። እጄ በራሱ... ምን ላድርግ?

ስወጣ እትዬ እሌኒ አጥሩ ጋ ቆማለች። የጋሽ አስናቀን የታጠበ ሸሚዝ አጣጥፋ ይዛለች፤ ሲወጣ ይቀይረው ብላ። ጭብጨባው መንገድ ድረስ ተሰምቷል።

"ለእሱ ነው አይደል?" አለችኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።