የጋሽ ሞላ ፌደሮች

ማክሰኞ፣ የካቲት 3፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ማስታወሻዬ፣ የመብራት መቆጣጠሪያ ቦርዱ ሦስተኛው ፌደር፣ ያ ተንሸራታች ቁልፍ፣ ዛሬም አመሉን አመጣ። ወደ ላይ ገፍቼ መብራቱን ላደምቅ ስል ይጣበቃል። ጠንከር ሳደርግ ይዘላል። መድረኩ ላይ ፓውዛው ብልጭ ድርግም! ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ፓውዛውን አምስተኛው ላይ ሰካሁት፤ ከበድ ይላል እንጂ ሰላም ነው። ስለዚህ ችግሩ የቦርዱ ነው።

ሥ/አስኪያጁ ቁርጡን ነገረኝ። ጾም ሳይገባ ቅዳሜ በምናሳየው ትርዒት ላይ መብራቱ ከተንቀጠቀጠ ቦርዱ መጋዘን፣ ጋሽ ሞላ በር ጥበቃ። ምን ሲደረግ! ጋሽ ሞላ የዚህን አዳራሽ መብራት ሲይዙ እኔ አልተወለድኩም። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው። እንደ አባቴ ነው የምወዳቸው።

ረቡዕ 4፤ ከሰዓት

ጋሽ ሞላ ገነተ ማርያም ለቅሶ ሄደዋል። ቦርዱን በካቻቪቴ ፈታሁት። ወይ ጉድ! በየፌደሩ መሄጃ የጧፍ ሰም ተቀብቷል። አቧራ ለቅሞ ጠቁሯል። ማንን እጠይቃለሁ፣ የሽማግሌው ሥራ ነው። በሰም የሚለሰልስ የቦርሳ ዚፕ መስሏቸው! ብቻዬን ሳቅኩ። አሥራ ሁለቱንም በጥጥና በአልኮል ጠረግኩ። አሁን በትንሽ ጣት ይሄዳሉ። ኩራቴ አይጣል ነው።

ዓርብ 6፤ ከልምምድ በኋላ

እኔ ስይዘው መብራቱ ጸጥ። ጋሽ ሞላ ሲይዙት ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ብቻ አይደለም፣ የነኩት ሁሉ። ቦርዱን መልሼ ልፈታ ስነሳ እጄን ያዙኝ። ያኔ ገባኝ። የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ነው።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከአምና ጀምሮ ነው። ሰሙን የቀቡት ሆን ብለው፤ ፌደሩ ሲከብድ እጃቸውን ይይዝላቸዋል። ሦስተኛው ላይ አብዝተውት ኖሯል። አልተቆጡኝም። ንጹሕ ሥራ ነው፣ አበጀሽ ልጄ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያጋለጥኳቸው እኔ!

አሁኑኑ ሄደው ለሥ/አስኪያጁ ሊናገሩ ነበር። ቅዳሜ ይለፍ ብዬ ለመንኳቸው። በስንት ልመና እሺ አሉኝ።

እሑድ 8፤ ጠዋት

ትናንት ወንበሩን ለቀቁልኝ። ከኋላዬ ቆመው ቀኝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጠቀጥ። ሲጫኑኝ አደመቅኩ፤ ሲያላሉ አደበዘዝኩ። እስክስታው ሊነሳ ሲል ከከበሮው በፊት ቀድመው ተጫኑኝ። ብቻዬን ብሆን እዘገይ ነበር። ስድስት ዓመት ሠርቼ መድረኩን እንዲህ አይቼው አላውቅም።

ሲያልቅ ሥ/አስኪያጁ ፊቱ በርቶ መጣ። ቦርዱን ማን ያዘው አለ። ጋሽ ሞላ እሷ ናት ሊሉ ነው፤ ቀደምኳቸው። እሳቸው ናቸው አልኩት። አልዋሸሁም።

ነገ ስለ እጃቸው ራሳቸው ሊነግሩት ነው። አብሬያቸው እገባለሁ። በር ጥበቃ ካላቸው እኔንም አብሮ ይመድበኝ። ቦርዱን ያኔ እሱ ይያዘው።