ክፍል ሦስት ይፍረስ

ውድ በላቸው፣

ከተለየኸኝ አራተኛው ክረምት ወጣ። ሌላውን ሳልነግርህ በፊት አንድ ወሬ ላርም። አብረን ያስተማርንበት ክፍል ሦስት እንዳይፈርስ አልቅሳ ለመነች እየተባልኩ ነው። አላለቀስኩም፤ አልለመንኩምም። አንዲት ጎረቤታችን ለቅሶ ቤት ተቀምጣ «ታሳዝናለች፣ የባሏን ክፍል ሊያፈርሱባት ነው» አለች። ወሬው ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ሲደርስ እኔ አፍራሹ ኤክስካቫተር ፊት ተጋድሜያለሁ ተብሎ ነበር።

ትምህርት ቤታችንን ዛሬ ብታየው አታውቀውም። ከብት ይግጥበት በነበረው ሜዳ ላይ ወላጆች እንጨት ተሸክመው፣ ጭቃ አቡክተው አንድ ረድፍ ክፍል ሲያቆሙ አብረን አይተናል። አሁን ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት አለው፤ የብሎኬት ክፍሎቹም አጥሩ ጥግ ደርሰዋል። ከጭቃዎቹ የቀረው ክፍል ሦስት ብቻ ነው። በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሊቆም ነው፤ ልጆቹ «ጂ ፕላስ ፎር» ይሉታል። እሱ ሲያልቅ ፈረቃ ይቀራል፤ ተማሪው ሁሉ ሙሉ ቀን ይማራል።

የፈረቃን ነገር ለአንተ አልነግርህም። አንተ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት፣ በዚያው ክፍል። ቀትር ላይ በሩ ጋ ስንተላለፍ እኔ የቤቱን ቁልፍና ያንን አንዱን ዣንጥላችንን እሰጥሃለሁ፤ አንተ የተረፈህን ጠመኔ ትሰጠኛለህ። ምሳ አብረን የምንበላው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ተነሥተህ፣ ሌላ ሕንፃ ቢሠራልን ከሚስቴ ጋር ምሳ እበላ ነበር ብለህ መምህራኑን ሁሉ አሳቅህ። እኔ አፍሬ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩህ። ነገሩ ግን እውነት ነበር።

ሰሞኑን በአንዱ የብሎኬት ክፍል በር ሳልፍ ሁለት ወጣት መምህራን፣ ባልና ሚስት፣ ሕፃን ልጃቸውን ሲቀባበሉ አየሁ። እሷ አስተምራ ወጣች፤ እሱ ልጁን አስታቅፏት ወደ ክፍል ገባ፤ እሷ ልጁን ይዛ ሄደች። እነዚህ ገና ስንት ዓመት ሊተላለፉ ነው? በዚያ ወሬ ምክንያት ማፍረሱ ቆሟል። ርእሰ መምህሩ ተማሪያችን የነበረ ነው፤ ለምን ቆመ ብዬ ስጠይቀው «ቲቸር፣ እኛኮ ለእርስዎ ብለን ነው» አለኝ። ለእኔ ብለው፣ እኔን ሳይጠይቁ። ነገ በትምህርት ቤቱ የግንባታ ኮሚቴ ፊት እናገራለሁ አልኩት።

በዚያ ግድግዳ ውስጥ አንተ የለህም፤ ጭድና ጭቃ ነው። እኔ የማስታውስህ በሌላ ነው። ሰሌዳውን ሳታጠፋ አንድ ቀን ወጥተህ አታውቅም፤ ተከትዬህ የምገባው እኔ ነበርኩና። ባለፈው ሳምንት ዴስኮቹን ሲያወጡ የመጨረሻው ትምህርት ሰሌዳው ላይ እንዳለ ቀርቷል። በመስኮት አይቼ ተናደድኩ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዚህ ልማድህ አስብሃለሁ።

ነገ በመጀመሪያ ቤት ያስቀመጥኩትን የሰሌዳ ማጥፊያ ዳስተርህን ከመሳቢያው አወጣለሁ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ ክፍል ሦስት ይፍረስ እላለሁ። ከዚያ ገብቼ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አጠፋለሁ። ኤክስካቫተሩ ሲመጣም ዞር ብዬ አሳልፈዋለሁ።