ቁጥር አሥራ አራት

ቦንጋ፣ ጥር 2003 ዓ.ም.

ውድ አባባ ገብረወልድ፣

ሙት ዓመትዎ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ልጅዎ፣ ባሌ ሳምሶን፣ ካፖርትዎን ለቸገረው ሰው ልስጥ ብሎ ኪሱን ሲፈትሽ አንድ ነገር አግኝቶ ሰጠኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። ምን እንደሆነ ኋላ እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን ልናዘዝ።

እኔ ምራትዎ ነርስ ነኝ፣ ያውም ምላሰኛ ነርስ። ክሊኒካችን የመጣ ሁሉ ከኔ አፍ አያመልጥም። “መድኃኒቱን በባዶ ሆድህ እንዳትውጥ፣ ጨጓራህን ይልጠዋል! ቡናም ቢሆን ቁርስ ሳትቀምስ አይሆንም!” እላለሁ። “ሲስተር፣ ቡናውን ከተውኩማ ምን ቀረኝ?” ብለው ይስቁብኛል። እርስዎን ጉልበትዎን ሲያምዎት ግን ማስታገሻውን፣ ያንን ዲክሎፌናክ፣ በትንሽ ፖስታ አድርጌ “ጧትና ማታ” ብቻ ጽፌ ሰጠሁዎት። የባሌን አባት ይሄን ይብሉ፣ ያን አይጠጡ ማለት ድፍረት መሰለኝ። እርስዎም ዋጫ ከተማ፣ ቤትዎ ሆነው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ከጧት ቡናዎ ጋር ሲውጡት ከረሙ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ማክሰኞ ክሊኒካችን አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከበሽተኞቹ መሀል ተቀምጠው አገኘሁዎት። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። “እንዴት አደርሽ፣ ሲስተር?” አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ “ልጄ” እንጂ ሲስተር ብለውኝ አያውቁም፤ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። “ወይኔ በሞትኩት! አባባ እዚህ ተቀምጠው? ሰው ምን ይለኛል?” ብዬ ክንድዎን ይዤ ወደ ሠራተኞች ክፍል አስገባሁዎት።

“ኧረ ተይኝ ልጄ፣ እዚያው ብሆን ይሻለኛል” ብለው ነበር።

መች ሰማሁ! ሻይ አስመጣሁ። “ጨጓራዬን ያቃጥለኛል” አሉ፣ ወለሉን እያዩ። ከንፈርዎ ነጥቷል፤ የመንገድ ድካም ነው አልኩ። ጨጓራዬን ያለኝን ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ሰገራህ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል ወይ? ከጠቆረ ጨጓራው እየደማ ነው፣ ቀን አይሰጥም። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እርስዎ ፊት እግሬን እንኳ ዘርግቼ ተቀምጬ የማላውቅ ሴት፣ እንዴት ብዬ! ለቃጠሎው የሚኘከውን ነጭ ኪኒን ሰጠሁዎት፤ ጉልበትዎ እንዳይብስ ብዬ ዲክሎፌናኩንም ጨመርኩልዎ። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼዎት፣ አማቴን አከበርኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፣ እኔ ደንቆሮ።

በዘጠነኛው ቀን ደም አስመለሰዎት፤ ወደ ቦንጋ ሲያመጡዎት መንገድ ላይ አረፉ። ለቅሶው ላይ ባለቤትዎ እማማ ትርንጎ “ሰገራው ወር ሙሉ ከሰል መስሎ ነበር እኮ” ሲሉኝ እኔ በማን ብናደድ ጥሩ ነው? በእርስዎ! “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ምናለ ቢነግሩኝ” እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ጥፋቱን እርስዎ ላይ ስጭን ከረምኩ። ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት ከኪስዎ የወጣችው የክሊኒካችን ካርድ ናት። የዚያ ማክሰኞ ቀን ተጽፎባታል። ስም ገብረወልድ፣ ዕድሜ ስድሳ ሰባት፣ የወረፋ ቁጥር አሥራ አራት። ሕመሙ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ለካስ እኔን ሊጠይቁ አልነበረም የመጡት! ለልጅ ሚስት የማይነገረውን ለሲስተር ሊነግሩ፣ ካርድ አውጥተው እንደ ማንኛውም በሽተኛ ወረፋ ይዘው ነበር። ከወረፋው ጎትቼ ያስወጣሁዎት፣ መልሼ ምራት የሆንኩብዎት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጧት ለገዛ አባቴ ደውዬ ያንኑ የሰገራ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። “አንቺ ባለጌ!” ብለው ጮኹብኝ፤ ቆይተው ግን መለሱልኝ። ከእንግዲህ ይህን ጥያቄ ማንንም አፍሬ አላልፍም፣ ቃሌ ነው። ለእርስዎ አይጠቅምዎትም፤ አውቃለሁ።

ካርድዎ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። እስክሪብቶዬንም ይዣለሁ።

ቁጥር አሥራ አራት! ይግቡ፣ አባባ። ይቀመጡ። ሰገራዎ ጠቁሯል ወይ?

ሲስተር ብርቅዬ