ጓዳሽን አየሁት

በለጤ ሆዴ፣ ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከተለየሽኝ እነሆ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ገባ። ደህና ነኝ እንዳልልሽ ድንጋጤው ዛሬም አልለቀቀኝም። ሞትሽን አይደለም የምልሽ፤ እሱንስ ከሰው ጋር አለቀስኩት። ጓዳሽን አይቼ ነው።

ለቅሶኛው ተበትኖ፣ ምግብ ያመላልሱ የነበሩት ጎረቤቶችም እንደቀሩ፣ አንድ የፍርድ ቤት ባለጉዳይ ከዳሪሙ ገጠር በእግሩ መጥቶ ማምሻውን በራችን ላይ ቆመ። መሞትሽን አልሰማም። እንደ ልማዴ ግባ፣ ጓዳው ሙሉ ነው አልኩት። የሚያቀርብለት ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ ካልኩ በኋላ ነው! ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም ተብዬ ያደግሁ ሰው መጋረጃውን ገለጥኩ።

ጣሊያን ወጥቶ ከሸዋ ይዤሽ መቱ ስንገባ በእጄ ያቆምኩት ቤት ነው፤ ጓዳውን ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ለእኔ ጓዳ ማለት ምግብ የሚመጣበት ነበር፣ በቃ። ጎታውን ብከፍት ባዶ። ሌማቱም ባዶ። ጥግ ላይ ጎደሬ በጆንያ፣ ከጎኑ አንዲት የጠቆረች ድስትና ጨው። እግዚኦ! የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

በለቅሶው አልቆ ይሆናል ብዬ ጎረቤታችንን አዴ ጫልቱን ብጠይቃት፣ ጋሼ፣ አያውቁም ኖሯል እንዴ አለችኝ። ጤፉ ለእኔና ለእንግዳ ብቻ ይጋገር እንደነበር፣ አንቺ ጎደሬ ቀቅለሽ እዚያው ቆመሽ ትበዪ እንደነበር የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያውቃል!

አንቺሳ ስልሽ፣ እኔ ጓዳ እበላለሁ ትዪኝ ነበር። የጨዋ ሴት አነጋገር ነው ብዬ አልፈዋለሁ፤ እናቴም ትለው ነበር። እኔ ደግሞ ፍርድ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ቃል ስጽፍ እውላለሁ!

ተናድጄብሻለሁም። ምነው ብትነግሪኝ? ያን ማታ ለእንግዳው ጎደሬውን ቀቅዬ አቀረብኩለት። ደስ ብሎት በላ፣ መረቀኝም። የዚህ አገር ሰው ጎደሬ መቼ ይንቃል በለጤ? ሁላችንም እሱኑ አብረን መብላት እንችል ነበር።

እንዳልረሳሽ ቃሌ ነው። ሳቅሽ አለኝ፣ ቁጣሽ አለኝ፣ አረማመድሽንም አውቀዋለሁ። ትናንት ግን ማዕድ ቀርቤ፣ ስትበዪ ላስብሽ ብሞክር ከሠርጋችን ቀን ጉርሻ በቀር ምንም አላገኘሁም።